ግልጽ ደብዳቤ፦ ገበቴያችንን ይዘን የት እንውረድ?

ይድረስ፦ በኮሎራዶ ተራሮች የሕዝብን መሬት ለምታስተዳድሩ የመስክ ቢሮ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ወንዝ ዳር በእጅ ወርቅ ስለማጠብ ያለው ሕግ በግልጽ እንዲነገረንና ቦታው የተዘጋበት ምክንያት እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። ታክሲ የምንነዳ አለን። ሆስፒታል የምንሠራ፣ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የምንገባ፣ ጡረታ የወጣንም አለን። ቅዳሜ ሲደርስ ምሳችንን ቋጥረን፣ ቡናችንን በፔርሙዝ ይዘን፣ ልጆቻችንን ጭነን ወደ ተራራው እንወጣለን። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን ወርቅ እናጥባለን። ሀብት ፍለጋ አይደለም። ባለፈው ሰመር ሁላችንም ተደምረን ያገኘነው ወርቅ የአንዲት መድኃኒት ብልቃጥ ሥር አልሸፈነም።

ጥያቄያችንን በእንግሊዝኛ ጽፈን በጁላይ ወር በፖስታ ልከንላችኋል። መልስ አልመጣም። በኦገስት ደግመን ላክን። አሁንም ዝም። ስለዚህ በአደባባይ ለመጻፍ ወሰንን። በአማርኛ የጻፍነውም አስበንበት ነው። «እዚያ ወንዝ መውረድ ይቻላል ወይስ አይቻልም?» ብለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስጊድ ደጅ፣ በቡና ቤቱ የሚጠይቁን ወገኖች ብዙ ናቸው። የምትመልሱትን እነሱም እንዲሰሙት እንፈልጋለን። የቢሮውን ስም በአደባባይ አልጠራንም። ማንንም ማሳጣት አንፈልግም። ደብዳቤው በእጃችሁ አለ፣ ለእናንተ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በጁላይ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ሜይና ጁን ላይ የተራራው በረዶ ስለሚቀልጥ ወንዙ ሞልቶ ያስፈራል። ጁላይ ሲገባ ነው ውኃው የሚጎድለውና አሸዋው ብቅ የሚለው። በአራት መኪና ወጣን። ስድስት ዓመት የተመላለስንበት ቦታ ነው። ስንደርስ መግቢያው ላይ ባለ ግንድ አንድ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ተራ የፕሪንተር ወረቀት ነው። በትልልቁ «ወርቅ መፈለግ ክልክል ነው» ይላል። ቀን የለውም። ፊርማ የለውም። የትእዛዝ ቁጥር የለውም። ክልከላው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ አይናገርም። ዝናብ ገብቶበት ከታች ያለው ጽሑፍ ፈሶ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ከወረቀቱ ሃያ እርምጃ ወረድ ብሎ ሁለት ሰዎች ዓሣ ያጠምዳሉ። ከነሱ ማዶ አንድ ቤተሰብ ድንኳን ተክሎ ሥጋ ይጠብሳል።

ልጆቹ ገበቴያቸውን እንዳቀፉ ቆመው ያዩናል። ምን እንበላቸው? ወረቀቱን አክብረን ተመለስን። ሁለት ሰዓት ተነድቶ የተደረሰበትን መንገድ ምሳችንን እንኳ ሳንበላ ተመለስነው።

ሰኞ ጠዋት ደወልን። መጀመሪያ ያነሱት ሠራተኛ «ለዓሣዎቹ ሲባል ተዘግቷል» አሉን። ከሰዓት ከመካከላችን ሌላ ሰው ደወለ፤ «አይ፣ ቦታው በሙሉ የግለሰብ ክሌም ነው»፣ ማለትም የማዕድኑ መብት በሰው የተያዘ ነው ተባለ። ማክሰኞ ሦስተኛ ሰው ጠየቅን። እሳቸው ደግሞ «ስለዚህ ወረቀት የማውቀው ነገር የለም፣ ሌላ ሰው ለጥፎት ሊሆን ይችላል» አሉ። ዌብሳይታችሁን አገላብጠን አየን። ስለ ቦታው አንድ ቃል የለም። ይኸውና ሰመሩ አለቀ። ወረቀቱ እዚያው እንደተለጠፈ ነው። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መሬት እንዴት እንደሚዘጋ የሚናገር ደንብ አለ። በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ በተለምዶ ቢኤልኤም በሚባለው ሥር ባለ መሬት ላይ የመዝጊያ ትእዛዝ ሲወጣ የትኛው መሬት እንደሆነ፣ ምን ድርጊት እንደተከለከለ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ምክንያቱስ ምን እንደሆነ መግለጽ አለበት። በቢሮው ይለጠፋል። በቦታውም ሰው በሚያየው ስፍራ ይለጠፋል። የፌዴራሉ የደን አገልግሎትም በበኩሉ የመዝጊያ ትእዛዝ ሲያወጣ ቦታውን መግለጽና ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ግዴታው ነው። ግንዱ ላይ ያለው ወረቀት ከነዚህ አንዱንም አያሟላም። ቦታው በእውነት ተዘግቶ ከሆነ እንቀበላለን። ግን ዘጊው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተዘጋ ይነገረን።

ምን እንደምንሠራ በዓይናችሁ ያላያችሁ ካላችሁ እንንገራችሁ። ከመካከላችን ይህን ሥራ ከአገር ቤት ይዘው የመጡ አንዲት እናት አሉ። ያደጉት በጉጂ፣ አዶላ አካባቢ ነው። ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር ወንዝ እየወረዱ ከእንጨት በተፈለፈለ ገበቴ ያጥቡ ነበር። ዛሬ 68 ዓመታቸው ነው። የሚይዙት አረንጓዴ ፕላስቲክ ሳህን ቢሆንም እሳቸው «ገበቴዬ» ነው የሚሉት። እኛም እንደዚያው ለመድን።

አሸዋውን ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ይዝቃሉ። ውኃው ፍጥነቱ የሚበርድበት ቦታ ስለሆነ ወርቅ እዚያ ይወድቃል ይላሉ። ገበቴውን ውኃ ውስጥ ነክረው ግራና ቀኝ ይነቀንቁታል። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል። ተራው ነጭ ድንጋይ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሲነቀነቅ ወርቁ ወደ ሥር ይሰምጣል። የላዩን ጠጠር በመዳፋቸው ጠርገው ይጥላሉ። ከዚያ ገበቴውን ዘንበል አድርገው ውኃው አሸዋውን እየላሰ እንዲወስደው ይተዉታል። መጨረሻ ላይ ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ያኔ ወሬ ያቆማሉ። ሁላችንም ዝም እንላለን። ጉንጭ የምታህል ውኃ ጨምረው ገበቴውን በዝግታ ያዞሩታል። ጥቁሩ አሸዋ ጥርግ እያለ ሲሸሽ ከኋላው አንዲት ቢጫ ነጥብ ትቀራለች። የጤፍ ፍሬ ታክላለች። በጣታቸው ጫፍ አንስተው ብልቃጡ ውስጥ ይከቷታል። ለዚያች ነጥብ አርባ ደቂቃ ሄዷል። ልጆቹ ግን ሌላ አርባ ደቂቃ ለመጠበቅ ዝግጁ ናቸው። ስልካቸውን ትዝ እንኳ አይላቸውም። ለኛ ለወላጆቹ ከወርቁ የሚበልጠው ይኸ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ባህላዊ ወርቅ አውጪ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሕግ አይንካን አላልንም። ሕጉን አሳዩን ነው የምንለው።

እኛው ራሳችን ቁጭ ብለን አንብበነዋል። ዋናው የማዕድን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1872 ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ከ150 ዓመት በኋላ ዛሬም ይሠራል። በፌዴራል መሬት ላይ ያለ ማዕድን ለፍለጋ ክፍት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት ደንቦች ደግሞ ፍለጋውን በደረጃ ይከፍሉታል። ቢኤልኤም መሬቱን የማይጎዳ ወይም ጉዳቱ ከቁጥር የማይገባ ሥራን «ተራ አጠቃቀም» በሚል ስም ለይቶ አስቀምጦታል። በእጅ መሣሪያ ናሙና መውሰድ፣ በገበቴ ማጠብ፣ ሞተር በሌለው ማጠቢያ ሳጥን መጠቀም እዚህ ውስጥ በስማቸው ተጠርተዋል። ብረት ጠቋሚ መሣሪያም አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ማመልከቻ ማስገባት አያስፈልግም። የደን አገልግሎቱ ደንብም በገበቴ ማጠብንና ሞተር የሌለውን ሳጥን ቅድሚያ ማስታወቂያ ከማያስፈልጋቸው ሥራዎች ጋር ነው የሚያስቀምጣቸው። ቁፋሮ ማሽን፣ ኬሚካል፣ ፈንጂ ከዚህ ውጭ ናቸው። አንዳቸውንም ነክተን አናውቅም።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በወንዙ ዳር ለምን ግልጽ አልሆነም? በዚህ ሰመር የደረሰብንን እንንገራችሁ።

አንድ ወንድማችን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። በጁላይ መጨረሻ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ ከተዘጋው ቦታ ራቅ ወዳለ ወንዝ ሄደ። ሌላ ሰው አልነበረም። አጥር የለም፣ ምልክት የለም። አባትና ልጅ ሁለት ሰዓት ያህል አጠቡ። ልጅቷ በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ፍንጣቂ አገኘች። ትንሽ ቆይቶ ሬንጀር፣ የሕዝብ መሬት ጠባቂው፣ መጣ። የሌላ ሰው ክሌም ውስጥ ገብተዋል ተባለ። ብልቃጡ እዚያው ተደፋ። ለአባትየው ቲኬት ተጻፈለት። ወንድማችን የክሌሙን ምልክት አሳየኝ ብሎ ጠየቀ። አብረው ፈለጉ። የማዕዘኑ እንጨት ወድቆ ሣር ውስጥ ተገኘ። ወረቀቱም አልነበረበትም። ቲኬቱ ግን አልተነሣም። ፍርድ ቤት ሄዶ መከራከር ይችል ነበር። ግን አንድ ቀን ሥራ መቅረት ከቲኬቱ ይበልጥበታል። ከፈለ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ «እኔ አልሄድም» ብላለች። አባቴን ፖሊስ ይይዘዋል ብላ ትፈራለች።

ክሌም ምን እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ሰው የአሸዋ ወርቅ ያለበትን እስከ 20 ኤከር መሬት ምልክት አድርጎ፣ አስመዝግቦ፣ በየዓመቱ ክፍያ እየከፈለ የማዕድኑን መብት ይይዛል። ክፍያው ባለፉት ዓመታት ጨምሮ 200 ዶላር ደርሷል። ያ ሰው መብቱ ይከበርለት። የሰው ወርቅ አንፈልግም። ነገር ግን የክሌም ባለቤት መሬቱን አልገዛም። ከ1955ቱ ሕግ በኋላ በተያዘ ክሌም ላይ ሕዝብ በላዩ ማለፍ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ መዝናናት ይችላል። የተከለከለው ማዕድኑን መንካት ነው። እንግዲህ አስቡት። አጥር አይታጠርም። በር የለውም። ለዓሣ አጥማጁ ክፍት ነው። ገበቴ የያዘው ሰው ድንበሩን የሚያውቀው በእንጨቱ ብቻ ነው። እንጨቱ ከወደቀ በምን ይወቀው? በኢንተርኔት ያለውን የክሌም ካርታ ከመውጣታችን በፊት ሁልጊዜ እናያለን። ግን ካርታው ክሌሙ ያለበትን ሰፈር በግምት እንጂ ድንበሩን በትክክል አያሳይም። ተራራው ላይ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

በግል መሬት በኩል የሚያልፍ ወንዝም ሌላ ነገር ነው። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 በሰጠው ውሳኔ የወንዙ ወለል የባለመሬቱ ነው። ውኃው የሕዝብ ቢሆንም እግርህ አሸዋውን ከረገጠ የሰው ግቢ ገብተሃል። ይህን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁም። እኛም ያወቅነው ዘግይተን ነው። በአንዳንድ ወንዝ ላይ የሕዝቡ መሬት አልቆ የግሉ የሚጀምረው መታጠፊያው ጋ ነው። እዚያ አንዲት ቀለም የተቀባች ድንጋይ ብትኖር ስንቱን ሰው ከክስ ታድነው ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ነው። አንዲት እህታችን በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ግሪን ካርድ አላት። አገሩ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ሕጉን ላለመጣስ ብላ ወደ ቢሮ በአካል ሄደች። «በገበቴ ማጠብ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። «ዜጋ ነሽ?» ተባለች። አይደለሁም አለች። «እንግዲያው አትችይም» ተብላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ከኛ ጋር ስትመጣ ውኃው ዳር ቁጭ ብላ ቡና ታፈላለች እንጂ ገበቴ አትነካም። ያየ ሰው እንዳይጠቁማት ትሰጋለች። ግሪን ካርዷን ያጡባታል ብላ ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ወንድማችን ያንኑ ጥያቄ በስልክ ጠየቀ። «በገበቴ ከሆነ ማንም ይችላል» ተባለ።

የትኛው ነው እውነቱ? የ1872ቱ ሕግ ስለ ዜጎችና ዜጋ ለመሆን ፍላጎታቸውን ስላሳወቁ ሰዎች ይናገራል። ክሌም መያዝን የሚመለከተው ደንብ ደግሞ ዜጋ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ያስገባ ሕጋዊ ስደተኛ ይላል። ይህ ገብቶናል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዜግነት ለማመልከት ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ እስከዚያ ክሌም አይዝም። እሺ። ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገበቴ ማጠብ ክሌም መያዝ ነው? በቢኤልኤም መሬት ላይ ሰው ለራሱ የሚሆን፣ ለሽያጭ ያልሆነ ድንጋይና የማዕድን ናሙና በመጠኑ እንዲወስድ የሚፈቅድ ሌላ ደንብ አለ። በሱ ውስጥ ስለ ዜግነት አንድም ቃል የለም። ስለዚህ ይህችን ጥያቄ በጽሑፍ መልሱልን። በቃል የሚነገረን መልስ ስልኩን እንዳነሳው ሰው እየተለያየ ተቸግረናል። በስደት ለሚኖር ሰው «ሕግ ጥሰሃል» የሚለው ነገር ከቲኬቱ ገንዘብ በላይ ነው። ወረቀቱን፣ ቤተሰቡን፣ ነገውን ያስበዋል።

የማጠቢያ ሳጥኑ ነገር አጭር ነው። አንድ ሜትር የማይሞላ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው፣ ሞተር የለውም፣ ውኃው ራሱ ነው የሚሠራው። በአንድ ቅዳሜ አንድ ሬንጀር አይተውት «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» ብለው አለፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሬንጀር እዚያው ቦታ ላይ «ይህ ማሽን ነው፣ አውጡት» አሉን። አወጣነው። ሁለቱም የሚሠሩት ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው።

አሁን ስለራሳችን እንናገር። ወንዙን የሚጎዱ ሰዎች አሉ። ከነሱ መካከል የኛም ሰዎች አሉ፣ አንክድም። የወንዙን ዳርቻ ቆፍረው የዛፍ ሥር ያጋለጡ አይተናል። ጉድጓድ ከፍተው ሳይደፍኑ የሄዱ አይተናል። ልጅ ወይም አጋዘን ገብቶ እግሩ ይሰበራል። ደንቡም ቢሆን በአንድ ቦታ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ጉዳቱ ከተደማመረ ሥራው ተራ አጠቃቀም መባሉ ይቀራል ይላል። ይህ ትክክል ነው። ቦታው የተዘጋው በዚህ ምክንያት ከሆነ ንገሩን። ሰው ሰብስበን መጥተን እንደፍናለን። ባለፈው ሴፕቴምበር ማንም ሳይጠይቀን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጉድጓድ ስንደፍን ውለናል። አካፋው የኛው ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አልፎ አልፎ ገበቴው ውስጥ ከጥቁሩ አሸዋ ጋር ብርማ ጠብታ ይገኛል። ሜርኩሪ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ወርቅ ያወጡ የነበሩ ሰዎች ወርቁን ለመያዝ ሲጠቀሙበት ወንዝ ውስጥ የቀረ ነው። ዓሣው ውስጥ ይገባል። መልሰን ወንዙ ውስጥ ብንጥለው በደል ነው። ቤት ብንወስደው ልጆች አሉን። ጠብታዋን በጠርሙስ ዘግተን የት እናስረክብ ብለን ጠየቅን። የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ይህን ጥያቄ ያነሣነው ወንዙ እንዲጸዳ ስለምንፈልግ ነው። እኛ ከወንዙ አንድ የጤፍ ፍሬ ስናወጣ አንድ ጠብታ መርዝም ልናወጣ እንችላለን።

ጥብቅ ሕግም ቢሆን ግልጽ ከሆነ አንጠላውም። በካሊፎርኒያ አሸዋ የሚመጥ ባለሞተር መሣሪያ ከ2009 ጀምሮ ታግዷል። ጉዳዩ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2016 እገዳው ጸንቷል። ብዙ ወርቅ ፈላጊዎች ተናደዋል። ግን ምን እንደተከለከለ ሁሉም ያውቃል። በብሔራዊ ፓርኮች ወርቅ ማጠብ በጥቅሉ አይፈቀድም። እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ዊስኪታውን በሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ግን ፈቃድ ወረቀት ይዞ በገበቴ ማጠብ ይቻላል። ሰው ሄዶ ወረቀቱን ያወጣል፣ ያጥባል፣ ማንም አይነካውም። እንዲህ ያለ ነገር እዚህም ይቻላል።

ኮሎራዶ ራሷ እኮ በወርቅ የቆመች ናት። በ1858 ዴንቨር አካባቢ፣ በ1859 ደግሞ በነክሊር ክሪክ ዳር ወርቅ ተገኘ ተብሎ ነው ሕዝቡ ወደዚህ የጎረፈው። ዴንቨር ያለው የግዛቲቱ ምክር ቤት ጉልላት ዛሬም በኮሎራዶ ወርቅ ነው የተለበጠው። ልጆቻችን ይህን በትምህርት ቤት ይማራሉ። ከዚያ ቅዳሜ ይመጡና እርጥብ ወረቀት ያለበት ግንድ ሥር ይቆማሉ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ግንዱ ላይ ያለው ወረቀት የእናንተ ከሆነ ቀን፣ ምክንያት፣ ወሰንና የሚያበቃበት ጊዜ ተጽፎበት በትክክለኛ ማስታወቂያ ይተካ። የእናንተ ካልሆነ ይነሣ። ይህን ከኦክቶበር መጨረሻ በፊት እንድታደርጉልን እንለምናለን። የሚቀጥለው ሰመር ሳይመጣ እንድናውቀው ነው።

ግሪን ካርድ ያለው፣ የዜግነት ማመልከቻ ገና ያላስገባ ሰው በገበቴና ሞተር በሌለው ሳጥን ለመዝናኛ ማጠብ ይችል ወይም አይችል እንደሆነ በቢሮው ማኅተም በጽሑፍ መልሱልን። መልሱ «አይችልም» ከሆነም እንቀበለዋለን። እህታችን ግን ትወቀውና ትረፍ።

ሬንጀሮቻችሁ ስለ ማጠቢያ ሳጥን አንድ ዓይነት መመሪያ ይኑራቸው። አንድ ገጽ ይበቃል። ከኛ አንዱ እሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይሂድ።

ሕዝብ በሚበዛባቸው የወንዝ ዳሮች የክሌምና የግል መሬት ድንበር የሚያሳይ ቀላል ካርታ በመግቢያው ላይ ይለጠፍ። የክሌም ባለቤቶች የወደቀ እንጨታቸውን እንዲያቆሙ አስታውሷቸው። ምልክት በሌለበት ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ ሰው፣ በተለይ ልጅ የያዘ፣ ከቲኬት በፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።

ሕጉን የሚያስረዳ አጭር ወረቀት በአማርኛ አዘጋጁ። የልጆቻችን ትምህርት ቤት በአማርኛ ይጽፍልናል፣ ክሊኒኩም አስተርጓሚ ያቀርባል። ለትርጉሙ ገንዘብ አንጠይቅም። ከመካከላችን ጥሩ አድርገው የሚተረጉሙ አሉ። እናንተ ትክክለኛነቱን አረጋግጣችሁ አትሙት። እኛ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየሱቁ እናድላለን። በወረቀቱ ላይ ጉድጓድ መድፈን ግዴታ እንደሆነ፣ የዛፍ ሥር መቆፈር እንደማይቻል፣ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቅርሶችን መንካት በ1979ኙ የቅርስ ሕግ እንደሚያስጠይቅ በደማቁ ይጻፍ።

ሜርኩሪ የሚረከብ ሰው ወይም ቦታ አሳዩን።

በመጨረሻም አንድ ቀን ቀጥሩን። ቢሮ እንመጣለን፣ ወይም ወንዙ ዳር እንገናኝ። ወንዙ ዳር ቢሆን ይሻላል። ከአዶላ የመጡት እናታችን ገበቴያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ምን እንደምንሠራ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቡናው በኛ ነው።

መልሳችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን።

በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርቅ የሚያጥቡ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስብስብ አስተባባሪ፤ ስለ ራሱና ስለ አባላቱ